ከነነውሩ የቀረበው ድንጋይ

ዝም የሚል ሰው ጥበበኛ ነው የሚሉ ሰዎች ከዝምተኛ ሰው ጋር ኖረው አያውቁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስለኖርሁ አውቀዋለሁ። ዝም የምለው አብዛኛውን ጊዜ የምለው ስለሚጠፋኝ ነው፤ አንዳንዴም የምለው ተገኝቶ አነጋገሩን ሳሰናዳ ጨዋታው ወደ ሌላ ስለሚዞር ነው። ሰው ስለ ዝናብ ሲያወራ ለዝናቡ የሚሆን ጥሩ ቃል አዘጋጅቼ ቀና ስል፣ ወሬው በርበሬ መወደዱ ላይ ደርሶ አገኘዋለሁ። እንዲህ ባለ ምክንያት በድሬዳዋ ከተማ የአስተዋይነት ስም ወጣልኝ። ስሙን ያለ ድካም ስላገኘሁት አልመለስሁትም።

ዛሬ በዕድሜዬ ማምሻ አፌን ለመክፈት የደፈርሁት ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። የምስር ክክ ስለምታህል አንዲት ድንጋይ ነው። አንባቢዬ «ለዚህች ነውን ይህን ያህል ዘመን ያፈነው?» ብሎ እንዳይታዘበኝ፣ ድንጋይቱ ትዳሬን ልታሳጣኝ ተቃርባ እንደነበር አስቀድሜ ልናገር።

ጠላት ከወጣና አገር ከተረጋጋ በኋላ ባሉት ዓመታት በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ አስተምር ነበር። የምኖረው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን ከፀሐይ በሚሰውሩበት በኩል፣ ከአንድ ግቢ በተከራየኋት ክፍል ነው። ሠላሳውን ዓመት ተሻግሬ ሳላገባ በመቆየቴ የሰፈሩ ወይዛዝርት ለገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ በዋለ በሬ ዓይን ያዩኝ ጀምረው ነበር፤ አንዳንዶቹማ ጥርሴን ሊቆጥሩ የሚሹ ይመስሉኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ከወይዘሪት ሙሉ ጋር የተዋወቅሁት፤ ትውውቃችንም በድምፅ ብቻ ነበር። ወይዘሪት ሙሉ በከተማው ስልክ ቤት ደዋይን ከተደዋይ የምታገናኝ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ስትውል የማትሰማው ውሸት የለም። ነጋዴው ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ «ትናንት በባቡር ተጭኗል» ይላል፤ ባል ከጎረቤት መንደር ተቀምጦ «ሐረር ነኝ፣ መኪና አጣሁ» ይላል። እኔ ስለ መማሪያ መጻሕፍት ወደ አዲስ አበባ ለመደወል በትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ቢሮ መስመር እየጠበቅሁ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ መስመር ሲጠብቅ የማይዋሻት ደንበኛ እኔ ብቻ መሆኔን ነገረችኝ። የምመልሰውን ሳሰናዳ መስመሩ ተገኘ። ቢሆንም ነገራችን ከዚያ ተጀመረ፤ ከረመና ሽማግሌ እስከ መላክ ደረሰ።

ቀለበት መግዛት ግድ ሆነ። በከተማችን ልማድ ወርቅ የሚያሠራ ሰው ወርቁን ለአንጥረኛው ሰጥቶ፣ ቀልጦና ተመትቶ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለምን ቢሉት «አምነዋለሁ» ይላል፤ ነገር ግን አይነሣም። ይህ ነገር ለአንጥረኛውም ለእኔም ክብር አይመጥንም ብዬ አሰብሁ። በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ላይ የአልማዝ ድንጋይን ፓሪስ ውስጥ ሊቃውንት እየመረመሩ ክብደቱን፣ ቀለሙንና ጥራቱን በጽሑፍ እንደሚመሰክሩለት አንብቤ ነበር። ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት ለሚያምን እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

ወደ ጌጣ ጌጥ ነጋዴው ወደ ሙሴ ካራቤት ሱቅ ሄድሁ። «ሙሴ» የፈረንሳዮች «አቶ» ነው፤ ካራቤት ግን እዚያው ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ አርመን ነው፤ በእርሱ ምስክርነት አማርኛው ከአርመንኛው ይሻላል። ምስክር ወረቀት ያለው ትንሽ አልማዝ እንዲያስመጣልኝ ስጠይቀው ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ ትክ ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «ከዚህ ሱቅ ሰው የሚገዛው ድንጋይ አይደለም፤ እኔን ነው። እኔ ደህና ነው ካልሁ ደህና ነው። ወረቀት ከመጣ ግን እኔ ወጣሁ፣ እርሱ ገባ። ወረቀት ደግሞ ይሉኝታ የለውም።»

የዘመኑን ሥልጣኔ አልተረዳም ብዬ አዘንሁለት። ድንጋይቱ በጅቡቲ በኩል በባቡር መጣች፤ ወረቀቷም አብራ መጣች። ሙሴ ካራቤት በወርቅ ቀለበት ላይ አስቀምጦ ሲሰጠኝ ሣጥኗን በአንድ እጁ፣ ወረቀቱን በሌላው እጁ ያዘና፣ ይህኛው ለሙሽራዪቱ፣ ያኛው ግን ለእኔና ለእርሱ ብቻ መሆኑን፣ የሴት ወገን ቤት ይዤው እንዳልሄድ አጥብቆ መከረኝ። ምክሩን በጥሞና ሰማሁ፤ ወረቀቱንም አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትሁት።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን የጋብቻ ንግግር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የወንድ ወገን ሽማግሌ ሥራው ማጋነን ነው፤ የሴት ወገን ሥራ ደግሞ መቀነስ ነው። ሽማግሌው «ባለ ቤት ነው» ካለ «ኪራዩን በጊዜው ይከፍላል» ተብሎ ይተረጎማል። «መጠጥ በአፉ አይዞርም» ማለት በሥራ ቀን አይጠጣም ማለት ነው። «ቁጣ አያውቅም» ከተባለ የሴት ወገን ትንሽ ይሠጋል፤ ማንም ያልጠየቀው ጠባይ ተነሣ ማለት ነውና። እንግዲህ ያኛው በእጥፍ ያወራል፣ ይህኛው ግማሹን ይጥላል፤ የቀረው እውነት ነው። ማንም አይታለልም፤ ማንም አይቀየምም። ይህን ሒሳብ በከተማው የማያውቅ አልነበረም። እኔ ግን በመጻሕፍት ውስጥ ስላላገኘሁት አልተማርሁትም ነበር።

የቀለበቱ ቀን ወደ ሙሉ አባት ቤት ሄድን። አባቷ ሼፍ ደምሴ ይባላሉ፤ በምድር ባቡር አለቃ የሆነ ሁሉ ሼፍ ነው። የሼፍ ደምሴ ሥራ የባቡር መንኮራኩር መመርመር ነበር። ባቡር በገባ ቁጥር እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘው በፉርጎዎቹ ጎን እየሄዱ እያንዳንዱን መንኮራኩር መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ያስላል። በዚያ ጆሮ ስንት ሰው ከአደጋ እንደዳነ እግዚአብሔር ይወቀው። ሰውየው ታዲያ ከባቡር ጣቢያ ውጭም በዓይናቸው ብዙ አያምኑም ነበር፤ ሐብሐብ ሲገዙ እንኳ ያንኳኳሉ።

የእኔ ሽማግሌ ዲሬክተራችን አቶ ገበየሁ ነበሩ። ተነሥተው ስለ እኔ ሲናገሩ ራሴን ላውቀው እስኪያቅተኝ ድረስ አመሰገኑኝ። ቀለበቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሙሉ አጎት አቶ ታዬ፣ በልማዱ የማንቋሸሹ ሥራ የእርሳቸው ነውና፣ ድንጋይቱን ከዓይናቸው አስጠግተው «አቦ፣ ይህን ለማየት ሙሽራዋ መነጽር ይገዛላት ይሆን?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ። አቶ ገበየሁም ነገሩን በድል ለመዝጋት ሲሉ ድንጋይቱ ተራ አለመሆኗን፣ ከፓሪስ ሊቃውንት የምስክር ወረቀት እንዳላት አበሠሩ።

«እስቲ ይነበብ» አሉ ሼፍ ደምሴ።

ፈረንሳይኛ ማንበብ የሚችሉ የባቡር ሠራተኞች በቤቱ ነበሩ፤ ሆኖም መምህሩ እያለ ማን ይደፍራል? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንባቢዬ፣ በዚያች ደቂቃ «ደህና ድንጋይ ናት ይላል» ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን ተነሣሁ፤ መነጽሬን ወለወልሁ፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንዲት ቃል ሳላጓድል እያነበብሁ ተረጎምሁ።

ክብደቷን ስናገር ሰው ራሱን ነቀነቀ። ቀለሟ ላይ ስደርስ «ነጭ፣ ወደ ቢጫ በጥቂቱ የሚያደላ» አልሁ፤ መነቅነቁ ቆመ። ቀጠልሁ። በውስጧ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣቦች እንዳሉ፣ በጠርዟም አጠገብ ላባ የምትመስል ቀጭን ስንጥቅ እንደምትታይ አነበብሁ። አቶ ገበየሁ እግሬን ረገጡኝ። ድምፄ አልተሰማ እንደሆነ ብዬ ከፍ አድርጌ ደገምሁት። ዝምታው ሲበዛብኝ ደግሞ፣ ይህች ላባ መሰል ስንጥቅ ወደፊት ትሰፋ ወይም አትሰፋ እንደሆነ ሊቃውንቱ እንደማይስማሙ ከራሴ ጨመርሁ፤ ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም።

አቶ ታዬ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ነውር ጌጡ ሲባል እሰማ ነበር» አሉ፤ «በሣጥን ሆኖ ሲመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ሒሳቡ ተሠራ። የወንድ ወገን ራሱ፣ በዚያ ላይ በቀለበት ቀን፣ በገዛ አፉ «ጥቂት ቢጫ» ካለ ነገሩ እንደ ድልህ ቢሆን ነው። «ጥቃቅን ነጠብጣብ» ካለ ከሰል ነው። ስንጥቅ ካመነ ድንጋይቱ እስከ ዛሬ ያልፈረሰችው በሙጫ ተይዛ ይሆናል። የሙሉ እናት በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጃቸውን የሚለምነው ሰው ስለ ድንጋዩ ይህን ካመነ ስለ ራሱ ያልነገራቸው ምን ይሆን? ሼፍ ደምሴ እምቢ አላሉም። ድንጋይቱ እርሳቸው ዘንድ እንድትቆይና እንድትመረመር ብቻ አዘዙ፤ አልማዝ ሆና ከተገኘች ሠርጉ ይሆናል፣ ብርጭቆ ከሆነች ግን ሴት ልጃቸውን ለአታላይ እንደማይሰጡ በግልጽ ተናገሩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው።

የምርመራውን ወሬ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። አንዷ አክስት ብትተነፍስባት ጉም አልያዘችም፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው ተባለ። የሙሉ እናት ውኃ ውስጥ ከተቷት፤ ሰጠመች፤ ጠጠርም ይሰጥማል ተባለ። አቶ ታዬ የቡፌውን መስታወት ቧጨሩባት፤ መስታወቱ ተቧጨረ፤ ደስታ ሆነ። ከጎረቤት አንዱ ግን በሞረድ ጫፍ ሞክሮ እንዲሁ ቧጨረውና ደስታው ተሰረዘ፤ ቡፌው ግን እንደተቧጨረ ቀረ። መጨረሻ ላይ ከገበያው ሰፈር ከመጋላ አንድ ስመ ጥር ወርቅ ነጋዴ ሐጂ ተጠሩ። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዟዙረው አይተው፣ «ወላሂ፣ ስለ ወርቁ እምላለሁ» አሉ። «ስለ ላይኛው የሚምል ይማል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ሄድሁ። በግቢው ጥላ ሥር የሐዲድ ቁራጭ ተጋድሞ፣ ቀለበቴ በላዩ ተቀምጣለች። ሼፍ ደምሴ መዶሻቸውን ይዘዋል። ጉዳዩ ቀላል እንደሆነ አስረዱኝ፤ ወረቀቱ ስንጥቅ አለ ብሏል፣ ስንጥቅ ደግሞ የእርሳቸው ሙያ ነው። አንዴ መታ ያደርጓትና ይሰሟታል።

ጠጣር መሆን ሌላ፣ አለመሰበር ሌላ መሆኑን፣ አልማዝ ሁሉን የሚቧጭር ቢሆንም በመዶሻ ፊት ደካማ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ተናግሬ አላውቅም፤ መፍጠኔ ራሱ ማስረጃ ሆነብኝ።

«እውነተኛ ከሆነች ምን ያስፈራዎታል?» አሉ አቶ ታዬ።

ባስመታት ትሰበራለች፤ ብከለክል አታላይ ነኝ። ሙሉ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የምታየው ድንጋይቱን ሳይሆን እኔን ነው። «አባባ፣ ይተዉት» አለች።

«ዝም በይ፣ ልሰማ ነው» አሏት።

መዶሻው ወረደ፤ ለመንኮራኩር መታ ማለት ነበር፣ ለድንጋይቱ ግን የዓለም ፍጻሜ። ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሼፍ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ፤ ፊታቸው በራ።

«ጤነኛ ናት» አሉ። «ስንጥቅ የላትም። ወረቀቱ ነው የዋሸው።»

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። አንደኛው ግማሽ ቀለበቱ ላይ ቀርቷል፤ ሌላው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል።

አቶ ታዬ «ብርጭቆ!» ብለው በድል ሲነሡ፣ ሼፍ ደምሴ ግን ሙሴ ካራቤት እንዲጠራ ላኩ። መጣ። ስባሪዎቹን በመዳፉ ይዞ በማጉያው ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ገላው እንደሚጎብጥ፣ ይህች ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ ብላ መገለጧን፣ እንዲህ የሚከፈለው አልማዝ ብቻ መሆኑን አስረዳ። «እውነተኛ ነበረች» አለ። ያቺን «ነበረች» የሚሏትን ቃል ሲናገራት ሼፍ ደምሴ ቆባቸውን አወለቁ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር መናገር ይገባኝ ነበር። ቃሉን ሳሰናዳ ሁሉም ስላቀረቀረ እጅ ነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ የጠባይ ጉዳይ ነው። ከተማው ግን በታላቅ ቁጣ መሄዴን፣ አስተዋይ ሰው ሲቆጣ እንዲህ መሆኑን ተነጋገረ።

በማግሥቱ በድሬዳዋ ያልታየ ነገር ታየ፤ የሴት ወገን ወንድን ለመለመን ሽማግሌ ላከ። መሪው አቶ ታዬ ነበሩ። በክፍሌ ያለችው አንዲት ወንበር መጻሕፍት ስለተቀመጡባት ቆመው ተናገሩ። ያን ሁሉ ያንቋሸሸ አንደበት ሙሉን ማመስገን ሲጀምር ግሩም ሆነ፤ ስለ ሙያዋ፣ ስለ ትዕግሥቷ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ተሰምቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ግማሹን ጣልሁ፤ ትምህርቱ ገብቶኝ ነበርና። የቀረውም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

ልቤ በደስታ እየዘለለች ነበር። ነገር ግን ከእንግዲህ ልማድ የማላውቅ ሰው አልባልም ብዬ ምያለሁ። የሚለመን ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ» አልሁ። ከትውልድ አገሬ ከወሎ ወዲህ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወጡ። እኔ በገዛ ሥራዬ ረክቼ ሻይ አፈላሁ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስደርስ አቶ ገበየሁ በቢሯቸው በር ላይ ጠበቁኝ። «አንተ ሰው» አሉኝ፣ «እምቢ አልህ አሉ።» ሼፍ ደምሴ ሥራ አለመግባታቸውን፣ ሙሉም ጥዋት ስልክ ቤት ስትገባ ለማንም ደህና አደርህ አለማለቷን ነገሩኝ። እሺ ለማለት ቀጠሮ መያዜ ብቻ እንደነበር ላስረዳቸው ስጀምር ስልኩ ጮኸ። አንሥተው አዳመጡና ለእኔ አቀበሉኝ።

«መምህር፣ ዘመድ አማክረው ጨረሱ?» አለች ሙሉ።

ዲሬክተሩ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ተቀምጠዋል፤ ጋዜጣውን የያዙት ዘቅዝቀው ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ነገሩ የልማድ ጉዳይ እንደነበር፣ በእኔ በኩል ምንም ተቃውሞ እንደሌለ ገለጽሁ።

«አይሰማም» አለች።

ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ሐሳቤ እንደ ቀድሞው መሆኑን ነገርኋት።

«መስመሩ ጥሩ አይደለም። የትኛው ሐሳብ?»

ሙቀቱ የድሬዳዋ ሙቀት ነውና መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። በግቢው ተማሪዎች ለሰልፍ ቆመዋል፤ መምህራኑም አሉ። ላቤ በጆሮዬ ላይ ይወርዳል። ይህን ጊዜ ግን ቃል ሳሰናዳ ነገሩ ወደ ሌላ እንዳይዞርብኝ ፈራሁ፤ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» ብዬ ጮኽሁ። «ድንጋይ ቢኖርም ባይኖርም፣ ዘመድ ቢመጣም ባይመጣም፣ አንቺን ነው የምፈልገው፤ ከመጀመሪያው ቀንም አንቺን ነው የፈለግሁት።»

አቶ ገበየሁ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ከሰልፉ መካከል አንዱ ማጨብጨብ ጀመረና ሌላው ተከተለው።

«አሁን ተሰማ» አለችና ዘጋችው።

ሠርጉ በተራ የወርቅ ቀለበት ሆነ፤ ማንም ምንም እንዲነበብለት አልጠየቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ ነገሩ ከነከነኝና፣ ስልክ ቤቱ ከትምህርት ቤታችን መንገድ ተሻግሮ እያለ መስመሩ በዚያ ቀን ምን እንደነካው ጠየቅኋት።

«ምን ይነካዋል?» አለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ወረቀት እያነበብህ ስታፈርሰው ከተማው ሁሉ ሰምቶ የለ? ስትጠግነውም ይስማ ብዬ ነው።»